አፈሩ ከመቆረጡ በፊት

በመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ለሚሠራ የሥራ መንደር ስለሚደረግ የመሬት ምርመራ

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ከተማ ሲያድግ መሬት ይቆረጣል። ትናንት ከብት ይግጥበት የነበረው መስክ ዛሬ ይደለደላል፤ ነገም ፋብሪካ፣ መጋዘን ወይም ቢሮ ይቆምበታል። ይህ ለአንድ አገር ደስ የሚያሰኝ ነገር መሆኑ አይካድም። ሥራ አጥቶ የሚውለው ወጣት የሚሠራበት ቦታ ያገኛል፤ አገርም ከውጭ ስትገዛው የነበረውን ዕቃ በራሷ ልጆች እጅ መሥራት ትጀምራለች። ነገር ግን ፋብሪካው ከመቆሙ በፊት የሚቀድም አንድ ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም የአፈር ሥራ ነው። ስለ ፋብሪካው ብዙ ይነገራል፤ ስለ አፈሩ የሚያስበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በአጠገቡ የሚኖሩትን ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኛቸው የአፈሩ አቧራ፣ የገልባጭ መኪናው ድምፅና የክረምቱ ጎርፍ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለመግለጽ እንሞክራለን። አንደኛ፣ መሬትን በአገልግሎት የመክፈልና አስቀድሞ የመመርመር ሥርዓት ከየት እንደ መጣ፤ ሁለተኛ፣ የአፈር ሥራ ምን እንደ ሆነና በጎረቤት ላይ ምን እንደሚያመጣ፤ ሦስተኛ፣ በአገራችን ያለው ሕግ ለነዋሪው ምን መብት እንደ ሰጠውና ነዋሪውም ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ነው።

የሥራ መንደር ምንድን ነው?

የሥራ መንደር ብለን የምንጠራው ብዙ ድርጅቶች በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ የውኃና የመብራት መሥመር እየተገለገሉ የሚሠሩበትን ሰፊ ቦታ ነው። በአገራችን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚባለው የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሌሎች አገሮች ደግሞ ቢሮዎችንና መጋዘኖችን ብቻ የያዙ ተመሳሳይ መንደሮች አሏቸው።

እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ በከተማ ዳር ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመካከል ከተማ ሰፊ መሬት አይገኝም፤ ከከተማ እጅግ ርቆ ቢሠራ ደግሞ ሠራተኛው የሚመላለስበት ችግር ይሆናል። ስለዚህ ከመኖሪያ ሠፈር አጠገብ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የተነሣ ነው። ትላልቅ አዳራሾቹም በሜዳ ላይ እንጂ በዳገት ላይ አይቆሙምና፣ መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ያለው ከሆነ ሰፊ ደልዳላ ስፍራ ለማግኘት ብዙ አፈር መቁረጥና መሙላት ግድ ይሆናል።

መሬትን በአገልግሎት የመክፈል ታሪክ

በአሜሪካ አገር የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 ከተማውን ሁሉ የሚገዛ የመሬት አጠቃቀም ደንብ አወጣች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተጠናቀቀ ኢኩቴብል የሚባል ግዙፍ ሕንፃ ጥላውን በአካባቢው ላይ ጥሎ የጎረቤቶቹን ብርሃን ስለ ከለከለ፣ ሕዝቡ ማንም በመሬቱ ላይ የፈለገውን ሁሉ ይሥራ ማለት እንደማይቻል ተረድቶ ነበር። ደንቡ የሕንፃዎችን ቁመት ወሰነ፤ መኖሪያው፣ ንግዱና ሌላው ሥራ የሚፈቀድበትንም ስፍራ ለየ።

ከሁሉ የታወቀው ክርክር ግን በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ዩክሊድ በምትባል ትንሽ መንደር የተነሣው ነው። ዩክሊድ እ.ኤ.አ. በ1922 መሬቷን በክፍል በክፍል ለይታ፣ እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ንግድ፣ ከዚያ ወዲያ ፋብሪካ ይሁን ብላ ደነገገች። አምብለር የተባለ የመሬት ኩባንያ በዚያ 68 ኤከር መሬት ነበረው። ኩባንያው መሬቱን ለኢንዱስትሪ ለመሸጥ አስቦ ስለ ነበር፣ ደንቡ የመሬቴን ዋጋ ቀነሰብኝ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1926 ፍርድ ቤቱ በ6 ዳኞች ድምፅ በ3 ላይ ለመንደሪቱ ፈረደላት። የፍርዱም ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሥራ በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ ቦታውን ሲስት ለጎረቤት ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ የሕዝብን ጤንነትና ጸጥታ የሚጠብቅ አስተዳደርም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ቦታውን ለመወሰን ሥልጣን አለው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥርዓት በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

አሁን በዚያ አገር አንድ ባለሀብት ከመኖሪያ ቤቶች አጠገብ የሥራ መንደር ልሥራ ብሎ ሲነሣ፣ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ አካሄዱ በአብዛኛው የሚከተለውን ይመስላል።

በመጀመሪያ የመሬቱን ካርታ፣ የከፍታና የዝቅታ ልክ የሚያሳይ ንድፍ፣ የሚቆረጠውንና የሚሞላውን አፈር መጠን፣ የውኃውን መውረጃ፣ የመኪናዎቹን መንገድ ጽፎ ለከተማው የፕላን ጉባኤ ያቀርባል። ቀጥሎም ጉባኤው ለአዋሳኝ ባለቤቶች በደብዳቤ፣ ለሌላው ሕዝብ በጋዜጣ ወይም በቦታው ላይ በሚተከል ማስታወቂያ ያሳውቃል። በተወሰነው ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስብሰባ ባለሀብቱ ሐሳቡን ያስረዳል፤ መሐንዲሶች ይመሰክራሉ፤ ነዋሪዎችም ተራ በተራ ተነሥተው ይናገራሉ። የሚባለው ሁሉ ይጻፋል። በመጨረሻም ጉባኤው ይፈቅዳል፣ ወይም ይከለክላል፣ ወይም ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል።

ቅድመ ሁኔታ የሚባለው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የምርመራው ፍሬ ያለው በዚህ ላይ ነውና። ሥራው ከጧቱ ስንት ሰዓት እስከ ማታው ስንት ሰዓት እንዲሆን፣ አቧራው በስንት ጊዜ ውኃ እንዲረጭበት፣ መኪናዎቹ በትምህርት ቤት በር እንዳያልፉ፣ በቤቶቹና በቁፋሮው መካከል ስንት ሜትር እንዲተውና ዛፍ እንዲተከልበት ይወሰናል። ከዚህም ጋር ባለሀብቱ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ ሊደረግ ይችላል። ሥራውን በመካከል ትቶ ቢሄድ ከተማው በዚያ ገንዘብ የተቆረጠውን አፈር አስተካክሎ ሣር ያስተክልበታል። ይህ እጅግ ብልህ የሆነ ሐሳብ ነው። በግማሽ ተቆርጦ የቀረ ኮረብታ ካልተቆረጠውም፣ ሥራው ከተፈጸመለትም የበለጠ አደገኛ ነውና።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአፈር ሥራ ፈቃድና የሕንፃ ፈቃድ በብዙ ቦታ የተለያዩ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ባለሀብቱ «ለጊዜው መሬቱን ብቻ ላስተካክል፤ የሚሠራውን ሕንፃ ወደ ፊት አቀርባለሁ» ይላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ኮረብታው ከተቆረጠ፣ ዛፉ ከወደቀ፣ ምንጩም ከተደፈነ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ምርመራ አይባልም። መርማሪው ያን ጊዜ የሚያየው ያለቀ ነገር ነው፤ ወጪውም ስለ ወጣ እንቢ ለማለት ያፍራል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ጉባኤ ምን ሊሠራበት እንደ ሆነ ሳያውቅ አፈር እንዲቆረጥ አይፈቅድም።

የአፈር ሥራ በቁጥር

የአፈር ሥራ በመሐንዲሶቻችን ቋንቋ ቆረጣና ሙሌት ይባላል። ከፍ ያለውን ቆርጦ ዝቅ ያለውን መሙላት ማለት ነው። ዶዘር ይገፋል፣ ኤክስካቫተር ይቆፍራል፣ ገልባጭ መኪና ያመላልሳል፣ ግሬደር ያስተካክላል፣ ሮለር ይጠቀጥቃል።

አፈር ሲቆፈር እንደ ነበረ አይቀርም፤ ይነፋል። ተራ አፈር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ድንጋይ ሲሆን ጭማሪው ከዚያ ይበልጣል። ይህን በሒሳብ እንየው። 10 ሄክታር መሬት በአማካይ 1 ሜትር ብቻ ይቆረጥ እንበል። 10 ሄክታር 100,000 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ የሚቆረጠው አፈር 100,000 ሜትር ኩብ ነው። 25 በመቶ ሲነፋ 125,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ገልባጭ መኪና 16 ሜትር ኩብ ቢጭን 7,800 ያህል ጭነት ማለት ነው። መኪናው ሄዶ ይመለሳልና በሠፈሩ መንገድ 15,600 ጊዜ ያህል ያልፋል። ሥራው በ100 ቀን ቢፈጸም በየቀኑ 156 ጊዜ ያልፋል፤ በ8 ሰዓት ስናካፍለው በየ3 ደቂቃው አንድ ከባድ መኪና በበሩ ያልፋል ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩትን ሕፃናት አስቡ።

ይህ ሒሳብ ግን መፍትሔውንም ያሳያል። መሐንዲሱ ንድፉን በጥንቃቄ ቢያወጣና የሚቆረጠው አፈር ከሚሞላው ጋር ቢመጣጠን፣ አፈሩ ከግቢው ሳይወጣ ይቀራል፤ መኪናውም በሠፈር መካከል አያልፍም። እንግዲህ አንዲት የወረቀት ንድፍ በሺህ የሚቆጠር የመኪና ጉዞ ልታስቀር ትችላለች።

የሙሌት ነገርም የራሱ ጥበብ አለው። አፈር በአንድ ጊዜ ተከምሮ ከላይ ብቻ ቢጠቀጠቅ ውስጡ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በኋላም ሕንፃውን ይዞ ይሰጥማል። ስለዚህ በስሱ እየተነጠፈ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው መጠቅጠቅ አለበት። ፕሮክተር የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው፣ አፈር እጅግ ደረቅ ሲሆንም እጅግ እርጥብ ሲሆንም በደንብ አይጠቀጠቅም፤ ለእያንዳንዱ አፈር የሚስማማው የእርጥበት ልክ አለ። ዛሬም በመንገድና በሕንፃ ሥራ የሚደረገው የጥቅጥቅታ ፈተና በእርሱ ስም ይጠራል።

በጎረቤት ላይ የሚመጣው ነገር

አንደኛው ውኃ ነው። ሣርና ዛፍ ያለበት መሬት ዝናቡን ከፊሉን ይጠጣል። ተቆርጦ የተጠቀጠቀ መሬት ግን አይጠጣም፤ ጣራና አስፋልት ደግሞ ጨርሶ አይጠጡም። በ10 ሄክታር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሜትር ኩብ፣ ማለት 3 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ነው። ይህ ውኃ ቀድሞ በቀስታ የሚሰርግ ከነበረ አሁን በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ከታች ወዳለው ቤት ነው። ከዚህም ሌላ ያልተሸፈነውን አፈር ጠርጎ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ይደፍነዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ውኃ ማቆያ ኩሬና ቦይ ከሁሉ አስቀድሞ ይሠራል፤ ሌላው ቁፋሮ ከዚያ በኋላ ይከተላል። በአሜሪካ ከ1 ኤከር ጀምሮ መሬት የሚቆፍር ሠሪ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጎርፍ ውኃ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚገደደው ስለዚህ ነው። በእኛም አገር ሰፊ ቆረጣ ከክረምት በፊት ተጀምሮ ክረምት ሲገባ በመካከል እንዳይገኝ ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ከአቧራው ውስጥ የሚጎዳው በዓይን የምናየው ትልቁ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ቶሎ ይወድቃልና። ከሚሊ ሜትር መቶኛ የሚያንሰው ደቃቅ ክፍል በአየር ላይ ብዙ ቆይቶ ወደ ሳንባ ይገባል። ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና አስም ያለባቸውን ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። መንገዱን ውኃ በጫነ ቦቴ ማርጠብ፣ ጭነቱን በሸራ መሸፈን፣ የመኪናውንም ፍጥነት መቀነስ ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። አንድ ዶዘር ከ15 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል ገደማ ይጮኻል። በገላጣ ስፍራ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር 79፣ በ60 ሜትር 73፣ በ120 ሜትር 67 ይሆናል ማለት ነው። ከቤቶቹ ጥቂት ሜትር መራቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

አራተኛው የመሬቱ መንቀሳቀስ ነው። ይህ ለእኛ አገር በተለይ ይመለከተናል። በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በቦሌ በኩል፣ ገበሬው መረሬ፣ በሌላም አገር ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር በብዙ ስፍራ ይገኛል። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠሪዎች ጥቁሩን አፈር አውጥተው ገረጋንቲ ይሞሉበታል። የወጣው ጥቁር አፈር የት እንደሚጣል የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም። በወንዝ ዳር ቢጣል ወንዙን ይዘጋል፤ በዳገት ጫፍ ቢከመር ደግሞ ከታች ያለውን ያሰጋል። ከጎረቤቱ አጥር ሥር ጥልቅ ቁፋሮ ቢደረግና የውኃው መንገድ ቢለወጥም፣ የቆየው ቤት ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ምርመራ የጎደለበት ክምር ያመጣው መከራ

የአፈር ክምር የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተፋትገው ስለሚያያዙ ነው። ደረቅ አሸዋ ብናፈስ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ሠርቶ ይቆማል። በቅንጣቶቹ መካከል ውኃ ሲሞላና የሚወጣበት ሲያጣ ግን፣ ውኃው ክብደቱን ከፊሉን ይሸከምና መፋተጉን ያላላዋል። ያን ጊዜ ጠጣር የነበረው ክምር እንደ ፈሳሽ ይሄዳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከብዙ ዝናብ በኋላ የተናደው ዳገት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን እንደ ቀበረ እናስታውሳለን። ያ ዝናብ የጠገበ ዳገት ነበር፤ ሰው ራሱ የከመረው አፈር ሲናድ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሚከተሉት ሁለት ታሪኮች ያስተምሩናል።

በብሪታንያ በዌልስ አገር አበርፋን የሚባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር አለ። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ከከሰል ጉድጓድ የወጣው ዝቃጭና ድንጋይ ይከመር ነበር። ቁጥር 7 የተባለው ክምር እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር የተመረጠለት ቦታ ምንጭ የሚፈልቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የአካባቢው ምክር ቤት መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በላይ የሚደረገው ክመራ እንደሚያሰጋው በደብዳቤ አመልክቶ ነበር፤ ክመራው ግን አልቆመም። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጆቹ ትምህርት ሊጀምሩ ሲሉ ክምሩ ተንዶ ወረደባቸው። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ውስጥ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ለምርመራ የተሰየመው ጉባኤ በሚቀጥለው ዓመት የከሰል ማዕድን ቦርዱን ጥፋተኛ አደረገ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ክምሮች ጥበቃ አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ መልካም ነበር፤ የመጣው ግን ከልጆቹ ሞት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከርእሳችን ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በቻይና የሼንጄን ከተማ በፍጥነት ስታድግ ከሕንፃና ከባቡር ሥራ የሚወጣው አፈር እጅግ በዛ። አፈሩም በአንድ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ መከመር ጀመረ። ውኃው ሳይወጣ ተሞላበት፤ ከተወሰነውም ልክ በላይ ተከመረ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ክምሩ ተንዶ ከታች በነበረው ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ወረደ። 33 ሕንፃዎች ተጎዱ ወይም ተቀበሩ፤ 73 ሰዎች ሞቱ፤ 4 ጠፍተው ቀሩ። ያ አፈር ከብዙ ስፍራ የተቆረጠ ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ግቢ አጽድቶ «ተወገደልኝ» ብሎ ይሆናል፤ ነገር ግን አፈር ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

የአገራችን ሕግ

በአገራችን ከተማን በፕላን የመምራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። የለንደንን ፕላን ያወጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለአዲስ አበባ ፕላን እንዲያወጡ ተጠርተው ነበር።

ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንቅናቄ እንዳያደርስበት ከልክሏል። ሕጉ «ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ» ማለቱ በጥበብ ነው። አብሮ የሚኖር ሰው ጥቂት ድምፅና ጥቂት አቧራ መታገሡ አይቀርም፤ ሆኖም ትዕግሥት ወሰን እንዳለው ሕጉ ተናገረ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር፣ የጥናቱም ጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጥና በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲገባ ደነገገ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የከተማን አጠቃላይ ፕላንና የየአካባቢውን ዝርዝር ፕላን ለየ፤ የሕዝብንም ተሳትፎ አስፈላጊነት አሳወቀ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 886 ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ብቻ የተደነገገ ነበር።

መልካም ምሳሌም አለን። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው መውጫ ከሌለው የሐዋሳ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን እድፍ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ፓርኩ ሲሠራ ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ፈሳሽ ተጣርቶ ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውልና ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ የሚያደርግ መሣሪያ አብሮ ተተከለለት። ቦታው መጀመሪያ ታይቶ ሥራው እንደ ቦታው ሲታቀድ ማለት ይህ ነው።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው

ከዚህ ሁሉ የተነሣ አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው አፈር አይቆረጥ፣ ፋብሪካም አይሠራ» እንዳይል እንፈራለን። ይህ ትክክለኛ አስተሳሰብ አይደለም። ከዚህ ትምህርት ቤት ጨርሰን ስንወጣ ሥራ የምንፈልገው እኛው ነን። ባለሀብቱም ገንዘቡን ከባንክ ተበድሮ ሲጠብቅ፣ ምርመራው ማለቂያ ባጣ ቁጥር ወለዱ ይበላዋል። ከዚህም ሌላ ጎረቤት ሁሉ «ከእኔ ደጅ ይራቅ» የሚል ከሆነ ሥራው የሚሄደው ጉልበት ወደሌለው፣ ድምፁም ወደማይሰማ ሌላ ድኻ ሠፈር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በዕድሜ ልክ ጥሪቱ አንዲት ቤት የሠራ ሰው፣ ወይም አባቱ ያረሰውን መሬት የሚያርስ ገበሬ፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ማሳው መጠየቁ የልማት ጠላት አያሰኘውም። ጥቅሙ ለአገር ሁሉ ሆኖ ጉዳቱ በጥቂት ቤቶች ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ ፍትሕ ጎድሏል ማለት ነው። የምርመራው ዓላማም ጥቅሙንና ጉዳቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ጉዳቱ በሥራው ባለቤት ወጪ እንዲቀነስ ማድረግ ነው።

ነዋሪው ምን ብሎ ይጠይቅ?

በስብሰባ ላይ በቁጣ መናገር ቀላል ነው፤ ውሳኔን የሚለውጠው ግን ግልጽ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለወላጆችና ለጎረቤቶች እንዲጠቅም የሚከተሉትን ጥያቄዎች ጽፈናል።

1ኛ፣ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት ተከልሏል? የሚሠራው ሥራስ ከዚያ ጋር ይስማማል?

2ኛ፣ ስንት ሜትር ኩብ አፈር ይቆረጣል? ስንቱ እዚያው ይሞላል? የተረፈው የት ይጣላል? በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት ይጓዛል?

3ኛ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃው ወዴት ይወርዳል? ማቆያውና ቦዩ ከቆረጣው በፊት ይሠራሉ ወይስ በኋላ?

4ኛ፣ ከመጨረሻው ቤት እስከ ቁፋሮው ጫፍ ስንት ሜትር አለ? ድጋፍ ግንብ ያስፈልጋልን?

5ኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአዋሳኝ ቤቶች ግድግዳ ታይቶ ተመዝግቧልን? ይህ ካልተደረገ በኋላ ስንጥቁ የቆየ ይሁን አዲስ ማንም ሊፈርድ አይችልም።

6ኛ፣ ቅድመ ሁኔታው ባይፈጸም ተቆጣጣሪው ማን ነው? አቤቱታውስ ለማን ይቀርባል?

7ኛ፣ ሥራው በመካከል ቢቆም የተቆረጠውን መሬት ማን ያስተካክላል?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መልሱን በጽሑፍ መቀበልና በሠፈር ማኅበር ወይም በዕድር መዝገብ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ያስፈልጋል። በቃል የተነገረ ተስፋ ሹሙ ሲለወጥ አብሮ ይረሳልና።

ለተማሪዎች

በክፍላችን የምንማረው ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ፊዚክስ ለፈተና ብቻ የተሰጠን አይደለም። የ10 ሄክታሩን አፈር ያሰላነው በማባዛትና በማካፈል ብቻ ነው። የድምፁን መቀነስ፣ የውኃውን መጠን፣ የክምሩን ተዳፋት የምናውቀው ከዚሁ ትምህርታችን ነው። ንድፍ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ያሉት ተማሪ በስብሰባው ቀን አብሯቸው ሄዶ ካርታውን ቢያስረዳቸው፣ ከፍተኛ አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው። ከእኛም መካከል ነገ በፕላኑ ጉባኤ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ዶዘሩን የሚያዝ፣ ወይም ፋብሪካውን የሚያቆም ይኖራል። እርሱም በዚያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቤት እንዲያስብ ዛሬ ይማር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የተቆረጠ ኮረብታ አይቀጠልም፤ የተናደ ክምርም የወሰደውን አይመልስም። ከሁለቱ በፊት የሚደረግ ምርመራ ግን የጥቂት ቀን ትዕግሥት፣ ጥቂት ወረቀትና እውነተኛ ሒሳብ ብቻ ይበቃዋል።